ዳሌ ለተሰበረ አረጋዊ የትኛው የአቅም መለኪያ ይሻላል?

እትዬ ጥሩነሽ እንበላቸው። በስም የማውቃቸው ሰው አይደሉም፤ ግን እሳቸውን የመሰሉ እናት ከድንገተኛ ክፍል አይጠፉም። ሌሊት ወደ ሽንት ቤት ሲሄዱ እርጥብ ሴራሚክ አዳለጣቸው። ቀኝ እግራቸው አጠር ብሎ ወደ ውጭ ዞሯል። ራጁ የጭን አጥንታቸው አንገት መሰበሩን አሳየ፤ በተለምዶ "ዳሌዋ ተሰበረ" የምንለው ማለት ነው። አሁን በጀርባቸው ተኝተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያቃስታሉ። ልጃቸው በአንድ በኩል፣ የቤት ሠራተኛቸው በሌላ በኩል ቆመዋል።

ተረኛው ሐኪም ከአልጋው ግርጌ ሆኖ አየት ያደርጋቸውና "በጣም ደካማ ናቸው፣ ኦፕራሲዮኑን የሚችሉት አይመስለኝም" ይላል።

በምን ለካው? በዓይኑ። ዳሌው ተሰብሮ የተኛ ሰው ደግሞ ሁሉም ደካማ ይመስላል። ትናንት ጠዋት ጃንሜዳን ሲዞር የነበረ የ70 ዓመት ሰውም ቢሆን።

መለኪያ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ችግሩ መለኪያው ብዙ ነው፤ ብዙዎቹም የተሠሩት ቆሞ ለሚሄድ ሰው ነው። ስለዚህ እትዬ ጥሩነሽን በየመለኪያው እያሳለፍን እንያቸው። ለኢንተርኑም፣ ለነርሷም፣ አልጋው አጠገብ ቆሞ ጥያቄ ለሚመልሰው ቤተሰብም ይጠቅማል።

የምንለካው ምንድን ነው?

ሐኪሞች ፍሬይልቲ ይሉታል። በአማርኛ የሚቀርበው "አቅመ ደካማነት" ነው። ግን ቃሉን ጧሪ ላጣም፣ ለድሃም እናውለዋለን። እዚህ ጉዳዩ የገንዘብ አቅም ሳይሆን የሰውነት ተቀማጭ ነው። ተቀማጭ ያለው ሰው ጉንፋን ቢይዘው ወይም ቢወድቅ ጥቂት ተጎድቶ ይመለሳል። ተቀማጩ ያለቀበት ሰው በዚያው ይቀራል። ዕድሜ ብቻውን ይህን አይነግረንም። የበሽታ ብዛትም ብቻውን አይነግረንም። የማደንዘዣ ባለሙያው ካርዱ ላይ የሚጽፈው የኤ.ኤስ.ኤ. ደረጃም በሽታው ምን ያህል እንደከበደ ይናገራል እንጂ ሰውየው ባለፈው ሳምንት እንዴት ይኖር እንደነበር አይናገርም።

አንድ ነገር ከወዲሁ ላስምርበት። ይህ ልኬት ኦፕራሲዮን መከልከያ አይደለም። የዳሌ ቀዶ ሕክምና ለአብዛኛው ሰው ከሁሉ የተሻለ የሕመም ማስታገሻም ነው። ሳይሠራለት የተኛ ሰው የመኝታ ቁስል፣ የሳንባ ምችና የደም መርጋት ይጠብቀዋል። ልኬቱ የሚነግረን ምን ይዘን መዘጋጀት እንዳለብን ነው። ማን ሌሊት ሊቃዥ ይችላል? ማን ምግቡ ላይ ክትትል ይፈልጋል? ከየትኛው ቤተሰብ ጋር ቁጭ ብሎ ረዘም ያለ ወሬ ማውራት ያስፈልጋል?

"ጊዜ የለንም" የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ዳሌ አይቆይም። እንግሊዝ አገር ከእ.ኤ.አ. 2010 ጀምሮ ሆስፒታሎች ተጨማሪ ክፍያ የሚያገኙት በሽተኛውን በ36 ሰዓት ውስጥ ለቀዶ ሕክምና ካስገቡና በ72 ሰዓት ውስጥ በአረጋውያን ሐኪም ካሳዩ ነው። ግን እ.ኤ.አ. በ2020 ውጤቱ የወጣው፣ በ17 አገሮች 2,970 ታካሚዎችን ያካተተው ሂፕ አታክ የተባለ ጥናት ሌላም ነገር አሳይቷል። ቀዶውን ከ24 ሰዓት ገደማ ወደ 6 ሰዓት ማፋጠን የሞቱን ቁጥር አልቀነሰም፤ ድንገተኛ የአእምሮ መዛባቱን ግን ቀንሷል። ስለዚህ ቀን መፍጀት አይገባም፤ አምስት ደቂቃ መጠየቅ ግን ማንንም አይገድልም።

ቶሎ የሚወድቁት

የፍሪድ መለኪያ በምርምር ዓለም የታወቀ ነው። ሊንዳ ፍሪድና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካ ውስጥ ያወጡት ሲሆን አምስት ነገር ያያል፦ ሳይታሰብ ክብደት መቀነስ፣ ድካም፣ እንቅስቃሴ ማነስ፣ የእጅ ጭብጥ መላላትና አካሄድ መዘግየት። ሦስቱ ካሉ ሰውየው ፍሬይል ነው ይባላል። አካሄዱ የሚለካው 4 ሜትር ከግማሽ ያህል በማስኬድ ነው። እትዬ ጥሩነሽን ተነሱና ሂዱ ልንላቸው ነው? ጭብጡንም ቢሆን ሞርፊን ወስዶ የሚያቃስት ሰው በሙሉ ኃይሉ አይጨብጥም። ለተመላላሽ ክሊኒክ ጥሩ ነው። እዚህ ግን አይሆንም።

የኤድመንተን መለኪያ ሰፋ ያለ ነው። ከካናዳ የመጣ፣ ዘጠኝ ዘርፍ ያለው፣ ከ17 ነጥብ የሚሰላ። ስለ ስሜት፣ ስለ ሽንት መቆጣጠር፣ ስለ መድኃኒት ብዛት፣ ስለ ደጋፊ ሰው ይጠይቃል። እኔ በይዘቱ እወደዋለሁ። ግን እሱም ከወንበር ተነስቶ 3 ሜትር ሄዶ መመለስን ይጠይቃል። በኋላ አውስትራሊያ ውስጥ ተኝተው ለሚታከሙ ሰዎች ተስተካክሎ፣ የእግር ጉዞው በጥያቄ ተተክቷል። ኤድመንተንን የሚመርጥ ይህንን ይያዝ።

የሰዓት ሥዕሉ ግን እንዳለ ነው። ክብ ውስጥ ቁጥሮቹን አስገብተው 11 ሰዓት ከ10 ላይ ቆጣሪዎቹን እንዲያደርጉ ይጠየቃሉ። እርሳስ ጨብጠው የማያውቁ፣ ዓይናቸው ላይ ሞራ ያለባቸው፣ በጀርባቸው የተኙ እናት ይህን ቢያበላሹ ምን ተለካ? ውጭ አገር ላለን ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። አስተርጓሚው ቅን ሆኖ ሰዓቱን ወደ አበሻ አቆጣጠር ይለውጥና "አምስት ሰዓት ከአሥር" ይላቸዋል። እናታችን አሳምረው አምስት ሰዓት ከአሥር ይሥላሉ። ነርሷ ስህተት ብላ ሁለት ነጥብ ትመዘግብባቸዋለች፤ እዚህ ነጥብ ሲበዛ ድክመት ነው።

የፍሬይልቲ ኢንዴክስ የሚባለው የጉድለት ቆጠራ ነው። ቢያንስ 30 ያህል ነገር ተዘርዝሮ፣ ያለው ለጠቅላላው ይካፈላል። ትክክለኛነቱ ጥሩ ነው፤ የሚያዋጣው ግን ሙሉ የኤሌክትሮኒክ መዝገብ ላለው ሆስፒታል ነው። አጭሩና አምስት ነጥብ ብቻ ያለው ዝርያው ስኳር፣ ደም ግፊት፣ የልብ ድካም፣ የሳንባ በሽታና የሰው እርዳታ መፈለግን ይቆጥራል። ለጥናት ይቀላል። ግን ከአምስቱ አራቱ በሽታ ናቸው። ስለ ሰውየው ኑሮ የሚናገረው አንዱ ብቻ ነው።

ፍሬይል፦ አምስት ጥያቄ፣ ሁለት ደቂቃ

ይህ መለኪያ ስሙ ራሱ "ፍሬይል" ነው። ምንም መሣሪያ አይፈልግም። ባለፈው ወር አብዛኛውን ጊዜ ይደክሙ ነበር? አሥር ደረጃ ያለ እረፍትና ያለ ድጋፍ ይወጡ ነበር? ጥቂት መቶ ሜትር ያለ ድጋፍ ይሄዱ ነበር? ከተዘረዘሩት 11 በሽታዎች አምስትና ከዚያ በላይ አለባቸው? ከክብደታቸው ከ5 በመቶ በላይ ቀንሰዋል? ሦስት ነጥብ ያመጣ ፍሬይል ነው፤ አንድ ወይም ሁለት ያመጣ በመንገድ ላይ ነው።

እትዬ ጥሩነሽ አይደክማቸውም ነበር፤ ዜሮ። ደረጃ አይወጡም፤ አንድ። በከዘራ ነው የሚሄዱት፤ አንድ። ደም ግፊትና አስም ብቻ ነው ያለባቸው፤ ዜሮ። ክብደትስ? ሚዛን ላይ ወጥተው አያውቁም።

ሁሉ ነገር እዚህች ጥያቄ ላይ ወደቀ። ቀንሰው ከሆነ ሦስት፣ ካልሆነ ሁለት። ኪሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም። "ቀሚሳቸው ሰፍቷቸዋል? መቀነታቸውን ከበፊቱ አጥብቀው ነው የሚታጠቁት? ቀለበታቸው ይወልቃል?" ብሎ መጠየቅ ነው። ወቅቱም ይታይ። 55 ቀን ሁዳዴ ጾመው የከሱና ሳያስቡት የከሱ አንድ አይደሉም። ደረጃውም ቢሆን፣ ዕድሜዋን ሙሉ ምድር ቤት የኖረች ሴት "አልወጣም" ስትል አልችልም ማለቷ ላይሆን ይችላል። የቤተ ክርስቲያኑን ደጀ ሰላም ደረጃ ጠይቁ።

ፍሬይልን ሁለተኛ አደርገዋለሁ። ሥልጠና የሌለው ሰው ሊጠቀምበት የሚችል፣ በስልክ እንኳ የሚጠየቅ ነው። ድክመቱ ደግሞ አንድ መልስ ከተሳሳተ ሰውየው ከአንዱ ምድብ ወደ ሌላው መዝለሉ ነው።

ክሊኒካል ፍሬይልቲ ስኬል፦ እኔ የምመርጠው

በካናዳ ሃሊፋክስ፣ ዳልሃውዚ ዩኒቨርሲቲ፣ ኬነዝ ሮክዉድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ያሳተሙት ነው። መጀመሪያ ሰባት ደረጃ ነበረው፤ በኋላ ዘጠኝ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ የደረጃዎቹ ስያሜ ታደሰ። 1 በጣም ጠንካራ ነው። 4 በራሱ የሚኖር ግን ቀዝቀዝ ያለ ነው። 5 ገንዘብ፣ መድኃኒት፣ ትራንስፖርትና ከባድ የቤት ሥራ ላይ እርዳታ የሚፈልግ ነው። 6 ከቤት ለመውጣትም ቤት ለመያዝም እርዳታ የሚፈልግ፣ ብዙ ጊዜ ገላ መታጠብም የሚከብደው ነው። 7 ለግል ንጽሕናው ሙሉ በሙሉ የሰው እጅ የሚጠብቅ ነው። 8 ወደ ሕይወቱ መጨረሻ የተቃረበ ነው። 9 ለየት ይላል፤ ለሞት የሚያደርስ በሽታ ይዞት ዕድሜው ከስድስት ወር በታች የተገመተ ሰው ነው፣ ባይደክምም። የመርሳት በሽታ ካለ የበሽታው ደረጃ ራሱ ይመራል፤ ቀላሉ 5፣ መካከለኛው 6፣ ከባዱ 7።

ሁለት ሕግ አለው። ሁለቱም እኛ ጋ ይጣሳሉ።

የመጀመሪያው፦ የምትለኩት አሁን የተኙትን ሴት አይደለም። ከመታመማቸው ሁለት ሳምንት በፊት የነበሩትን ነው። ዳሌው የተሰበረ ሰው ሁሉ ዛሬ 7 ነው፤ ሽንት ቤት እንኳ በሰው ነው። ወጌሻ ጋ ተወስደው ሲታሹ የሰነበቱ እናት ሲመጡ ደግሞ ስህተቱ ይብሳል። "ከሁለት ሳምንት በፊት እንዴት ነበሩ?" ካላችሁ መልሱ "ተኝተው ነበር" ነው። ቀኑን መቁጠር ያለባችሁ ሆስፒታል ከመጡበት ሳይሆን ከወደቁበት ወደ ኋላ ነው። በነገራችን ላይ፣ የጭን አጥንት አንገት በመታሸት አይገጥምም። ይህንን ደጋግሞ መናገር አይሰለቸኝም።

ሁለተኛው ሕግ ይበልጥ ስውር ነው። መለኪያው የሚጠይቀው ሰውየው የሚችለውን ነው፤ የሚሠራውን አይደለም።

የእትዬ ጥሩነሽን ልጅ ጠይቋት። "እማዬ ምንም አትሠራም" ትላለች። በኩራት ነው የምትለው። እናቷን እንደ ንግሥት መያዟን እየነገረቻችሁ ነው። ምግብ ሠራተኛዋ ትሠራለች። ገበያ ሠራተኛዋ ትሄዳለች። ባንክ ወንዱ ልጅ ይሄዳል። ይህን እንዳለ ብትጽፉት 6 ይሆናል፤ ለጋስ ያልሆነ ሰው 7 ያደርገዋል። እኛ አገር አሮጊት እናትን ምጣድ ላይ ማስቆም ነውር ነው። ነውር መሆኑ ግን የአቅም ማጣት ምልክት አይደለም።

አሁን ሠራተኛዋን ጠይቋት። "እኔ ለፋሲካ አገሬ ስሄድ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሽሮውን እሳቸው ነበሩ የሚሠሩት" ትላለች። "ቡና ቆልተው ጎረቤት ይጠሩ ነበር። ገላቸውን ራሳቸው ይታጠባሉ፤ ጀርባቸውን ብቻ ነው የማሽላቸው። ክኒናቸውን ግን ይቀላቅሉታል፤ እኔ ነኝ የምሰጣቸው። ባንክ ብቻቸውን ቢሄዱ ይጠፋሉ።"

ይሄ 5 ነው። ከ7 ወደ 5 የወረድነው በአንድ ጥያቄ ነው፦ "አይችሉም ነው ወይስ አይፈቀድላቸውም?"

ስለዚህ የመጽሐፉን ጥያቄዎች ወደ ኑሯችን መመለስ ያስፈልጋል። "ሾፒንግ ይሄዳሉ?" ከማለት "ብቻቸውን ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ሄደው ይመለሳሉ?" ማለት ይሻላል። "እድር ላይ መቼ ነው ለመጨረሻ ጊዜ የታዩት? ለለቅሶ ይደርሳሉ?" ለቅሶ መድረስ ያቆመ አበሻ ከ5 በታች መሆኑን በቀላሉ አላምንም።

መለኪያው የማይሠራበትም አለ። ዕድሜው ከ65 በታች ለሆነ ወይም ከልጅነቱ ጀምሮ አካል ጉዳት ላለበት ሰው አልተሠራም። ይህን መርሳት ምን እንደሚያመጣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 እንግሊዝ ታየ። የኮቪድ ጊዜ የጽኑ ሕሙማን መመሪያ ይህን መለኪያ አስገባ። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች ቤተሰቦች ተቆጡ፤ ልጆቻቸው በራሳቸው ስለማይኖሩ ብቻ ከፍተኛ ቁጥር ሊሰጣቸው ነውና። መመሪያው በቀናት ውስጥ ታረመ።

የኖቲንግሃም ነጥብ፦ ዘመድ እንጂ ወንድም አይደለም

ይህ ፍሬይልቲን አይለካም። በ30 ቀን ውስጥ የመሞትን ዕድል ይገምታል። ግን ለዳሌ ስብራት ብሎ የተሠራ ስለሆነ አብሮ ይነሳል። ከ10 ነው። ዕድሜ ከ66 እስከ 85 ሦስት ነጥብ፣ 86ና ከዚያ በላይ አራት። ወንድነት አንድ። ሄሞግሎቢን (የደም ማነስ የሚታይበት ልኬት) 10ና ከዚያ በታች አንድ። የአእምሮ ፈተናው ከ10 ጥያቄ 6ና ከዚያ በታች ከሆነ አንድ። ሁለትና ከዚያ በላይ ሌላ በሽታ አንድ። ካንሰር አንድ። በአረጋውያን ተቋም መኖር አንድ።

ዕድሜ አራት ነጥብ ይይዛል። የእትዬ ጥሩነሽ ዕድሜ ስንት ነው? መታወቂያቸው 79 ይላል። ልጃቸው "ኧረ ከዚያ ይበልጣሉ" ትላለች። እሳቸው ራሳቸው "በጣሊያን ጊዜ ነው የተወለድኩት" ይላሉ። እንግዲህ ቀጣዩ የሕክምና ጥያቄ ይህ ነው፦ ጣሊያን ሲገባ ነው ወይስ ሲወጣ? በ2018 ዓ.ም. ስንቆጥር፣ በ1928 የተወለደ 90 ነው፤ በ1933 የተወለደ 85። መስመሩ ያለው 86 ላይ ነው።

የአእምሮ ፈተናው ደግሞ ይብሳል። ከአሥሩ ጥያቄዎች አንዱ ዕድሜ ነው። አንዱ የልደት ቀን። አንዱ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ዓመት። አንዱ የእንግሊዝ ንጉሥ ስም። አራቱ ገና ሳይጀመር ሄዱ። አእምሯቸው እንደ ምላጭ የሆነ እናት የቀረውን ሁሉ ቢመልሱ እንኳ 6 ላይ ቆሙ፤ ተቀጡ። ለንደን ያለች ነርስ ዓመተ ምሕረቱን ስትጠይቅ "2018" ብለው ከመለሱማ 5 ሆነ። በትክክል ስንቆጥርላቸው እትዬ ጥሩነሽ ለዕድሜ 3፣ ለደም ማነሳቸው 1፣ ለግፊትና ለአስም 1፣ ድምር 5 ናቸው። ሁለቱ ስህተቶች ሲጨመሩ 7 ይሆናሉ።

የተቋሙ ጥያቄ በተቃራኒው ያሳስታል። እንግሊዝ አገር ራሱን የማይችል አረጋዊ ብዙውን ጊዜ ኬር ሆም ነው። እኛ ጋ እንደ መቄዶንያ ያለ ማዕከል ከገቡት በስተቀር ሁሉም ልጁ ቤት ነው። ሙሉ በሙሉ የሰው እጅ የሚጠብቀውም ዜሮ ያገኛል።

ስለዚህ ኖቲንግሃምን ከሠራችሁት ከክሊኒካል ፍሬይልቲ ስኬሉ ጎን አድርጉት። በእሱ ፋንታ አይሁን።

መቃዠቱን ለብቻው

የትኛውንም መለኪያ ብትመርጡ ፎር ኤ ቲ የተባለውን አጭር ፈተና ጨምሩበት። ድንገተኛ የአእምሮ መዛባትን የሚይዘው እሱ ነው፤ ከ12 ነጥብ 4ና ከዚያ በላይ ከሆነ ተጠርጥሯል። አንዱ ክፍል ወራትን ወደ ኋላ መቁጠር ነው። በአማርኛ ከነሐሴ ይጀምራሉ። ጳጉሜን ብለው የጀመሩም አልተሳሳቱም፤ እንዲያውም ከናንተ በላይ ነቅተዋል። ቤተሰብን የምትጠይቁት ግን አንድ ነገር ነው፦ "ይሄ ዝብርቅርቅ ያለ ወሬ ከወደቁ ወዲህ የመጣ ነው ወይስ ድሮም ነበረ?"

ቁጥሩ ከወጣ በኋላ

እስከ 4 ያለው ሰው የተለመደው መንገድ ይበቃዋል። 5ና 6 ላይ ነው ሥራው ያለው። ብሽሽት አካባቢ የሚሰጠው የነርቭ ማደንዘዣ ሞርፊኑን ይቀንስላቸዋል። መነጽራቸው፣ ጥርሳቸው፣ የመስሚያ መሣሪያቸው ከቤት ይምጣ። ቀዶው በተራዘመ ቁጥር ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ በባዶ ሆድ ማሳደር ይቅር። በማግስቱ ከአልጋ ይውረዱ። አስታማሚዋ ሌሊት አጠገባቸው እንድታድር ብትፈቅዱላት ከብዙ መድኃኒት ይበልጣል፤ በዚህ በኩል የእኛ ዎርዶች ከፈረንጆቹ ይሻላሉ እላለሁ።

7ና 8 ላይ ከቤተሰብ ጋር ቁጭ ማለት ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ የኔዘርላንድስ ጥናት በእንክብካቤ ተቋም የሚኖሩ፣ በጣም የደከሙ 172 ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። 88ቱ ከቤተሰባቸውና ከሐኪሙ ጋር ተማክረው ኦፕራሲዮኑን ተዉት። ከእነዚህ 83 በመቶው በ30 ቀን ውስጥ አርፈዋል፤ ከተሠራላቸው ደግሞ 25 በመቶው። የቀሪ ሕይወታቸው ጥራት ግን ከተሠራላቸው አልከፋም። ዝም ብሎ መተው እንዳይመስላችሁ፤ ሕመማቸው በደንብ ይታከም ነበር። የማስታገሻ መድኃኒት በማይገኝበት ቦታ ይህን ጥናት ጠቅሶ "አይሠራም" ማለት ሌላ ነገር ነው።

እትዬ ጥሩነሽ 5 ናቸው። ይሠራላቸዋል። ካርዱ ላይ ቁጥሩን ብቻ አትጻፉ፤ ከየት እንደመጣም ጻፉ። እንዲህ፦ "ክሊኒካል ፍሬይልቲ ስኬል 5፤ ከመውደቃቸው ሁለት ሳምንት በፊት በነበሩበት ሁኔታ፤ መረጃ ሰጪ፦ ልጃቸውና የቤት ሠራተኛቸው፤ ሁለቱ ሲለያዩ የሠራተኛዋ ተወስዷል።"